የጎመኑን ዘር ማን ገደለው?



ባለፈው ወር ለዝግጅት ክፍላችን ከደረሱት መልእክቶች አንዱ ከደብረ ታቦር የተላከ ነበር። የላኩልን እኅታችን በጁባ ከእኛ ጋር ያለ የአንድ አሥር አለቃ ባለቤትና የሁለት ልጆች እናት ሲሆኑ፣ ስማቸው እንዳይጠቀስ አደራ ብለውናልና አደራቸውን ጠብቀናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤታቸው የዓመት ፈቃዱን ጨርሶ በኅዳር ወር ወደ ጁባ ሲመለስ፣ ከጓሯቸው የለቀሙትን የሐበሻ ጎመን ዘር በጨርቅ ቋጥረው ሰጡት። አሥር አለቃው በሚያዝያ የመጀመሪያው ዝናብ እንደ ጣለ ከማደሪያው ጀርባ ያዘጋጀውን መደብ ዘራበት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠበቀ። ከመደቡ ላይ የበቀለው ግን አረም ብቻ ሆነ። ከዚያም ስልክ ደውሎ፣ «የላክሽልኝ ዘር የሞተ ነው፤ ሰው ለባሏ የሞተ ዘር ትልካለች?» አላቸው።

እኅታችን የጻፉልን ስለ ጎመኑ ብቻ አይደለም። «ያ ዘር እናቴ ስዳር ከሰጠችኝ ዘር የመጣ ነው። በእኔ ጓሮ አንድ ዓመት እንኳ አሳፍሮኝ አያውቅም። እኔ ያጠፋሁት ምንድን ነው?» ይላሉ።

ለዚህ ጥያቄ ወዲያው መልስ ያልሰጠነው ችላ ብለን አይደለም። ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተራርቀው ከሚኖሩ ባልና ሚስት አንዱን በግምት ጥፋተኛ ማድረግ ቀላል ነው። ዘር ግን ምስክርነቱን ራሱ ሊሰጥ የሚችል ነገር በመሆኑ፣ በመጀመሪያ እሱን መጠየቅ ይገባ ነበር።

አሥር አለቃው ሁሉንም አልዘራውም ኖሮ፣ ከቋጠሮው ግርጌ እፍኝ የማይሞላ ቀርቶት ነበር። ከዚያ ላይ 20 ፍሬ ቆጥረን በታጠበ ነጭ ጨርቅ ላይ በመደዳ ደረደርን፤ ጨርቁን አርጥበን ጠቀለልንና በሳህን አድርገን በጥላ ሥፍራ አስቀመጥነው። ጠዋትና ማታ ውኃ ይረጭ ነበር፤ ጨርቁ እንዲረጥብ እንጂ በውኃ እንዲዋኝ አልተፈቀደም፤ ዘርም እንደ ሰው አየር ሲያጣ ይታፈናልና። በዚያው ዕለት ለእኅታችን መልእክት ልከን፣ ከቤታቸው ከቀረው ዘር 20 ፍሬ ቆጥረው ይህንኑ እንዲያደርጉ ጠየቅናቸው። በስምንተኛው ቀን ሁለቱም ወገኖች ቆጠራቸውን አስታወቁ። ጁባ ላይ ከ20ው ነጭ ሥር ያወጡት 3 ብቻ ሲሆኑ፣ ደብረ ታቦር ላይ 18ቱ በቅለው ተገኙ።

የሁለቱ ዘር እናት አንድ ናት፤ የተለቀሙትም በአንድ ቀን ነው። የሚለያዩት አምስት ወር ባደሩበት ቦታ ብቻ ነው። «የት ነበር ያስቀመጥከው?» ብለን ስንጠይቀው፣ አሥር አለቃው በኩራት «ሌባም አይጥም ከማይደርስበት» ብሎ ወሰደን። ቦታው የክፍሉ ዕቃ የሚቀመጥበት የብረት ኮንቴይነር ነበር፤ ቋጠሮውም ከጣሪያው ሥር ካለው የላይኛው መደርደሪያ ላይ ነበር። በየካቲት እኩለ ቀን ወደዚያ ኮንቴይነር የገባ ሰው ላቡን እየጠረገ በሩጫ እንደሚወጣ ሁላችንም እናውቃለን። ቋጠሮው ግን መውጣት አልቻለም።

እዚህ ላይ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። ዘር የደረቀ ቢመስልም የተኛ ሕይወት ነው፤ በዝግታ ይተነፍሳል፣ በውስጡ ያለውንም ስንቅ በዝግታ ይበላል። ሙቀትና እርጥበት በበዙበት ቁጥር ስንቁን ቶሎ ይጨርሳል። ሃሪንግተን የተባለ አሜሪካዊ የዘር ሊቅ ያወጣውና እስከ ዛሬ የዘር ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አንድ ግምታዊ ስሌት አለ። ዘሩ የተቀመጠበት ቦታ ሙቀት በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቀነሰ ቁጥር የዘሩ ዕድሜ በእጥፍ ይጨምራል፤ በዘሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በ1 ከመቶ በቀነሰ ቁጥርም እንዲሁ በእጥፍ ይጨምራል። ይህን ገልብጠን ብናሰላው፣ ደጋ ቤት ውስጥ በ20 ዲግሪ ይቀመጥ የነበረ ዘር በ35 ዲግሪ ላይ ቢውል ዕድሜው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል ማለት ነው። ጁባ ከባሕር ወለል በላይ 550 ሜትር ያህል ብቻ ከፍታ ያላት ከተማ ናት። ኮንቴይነሩ ውስጥ ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ ባልለካም ከውጭው የባሰ መሆኑን ቆዳችን መስክሯል።

ስለዚህ የእኅታችን ጥያቄ መልስ አግኝቷል፤ የላኩት ዘር ሕያው ነበር። አሥር አለቃውም በተንኮል ወይም በስንፍና አልገደለውም፤ ይልቁንም ከመጠን በላይ ተጠንቅቆለት ነው። ውጤቱን እንደ ሰማ ስልኩን ይዞ ወደ አጥሩ ጥግ ሄደ። ምን እንደ ተናገረ የዚህ አምድ ጉዳይ አይደለም።

ዘር ያላችሁ ጓዶች ከዚህ በኋላ እንዲህ ብታደርጉ ይበጃል። መጀመሪያ በጥላ ውስጥ በሚገባ አድርቁት። ጠባብ አፍ ያለው፣ ክዳኑ ጥርቅም ብሎ የሚዘጋ የጠርሙስ ዕቃ ፈልጉ። ሩዝ በብረት ምጣድ ቆልታችሁ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ከቀዘቀዘ በኋላ በጨርቅ ቋጥራችሁ ከታች አኑሩት፤ የተቆላ ሩዝ እርጥበት ይመጣል። ዘሩን በወረቀት ጠቅልላችሁ፣ ዓይነቱንና የተለቀመበትን ወር ጽፋችሁ ከላይ አስቀምጡት። ጠርሙሱን ከጣሪያ ሥር ሳይሆን በወለል ላይ፣ ፀሐይ በማይመታው ግድግዳ ሥር አኑሩት። ማቀዝቀዣ የምታገኙ እዚያ ብታስቀምጡት ከሁሉም የተሻለ ነው፤ የሕክምና ክፍሉን ማቀዝቀዣ ግን አትንኩ፤ እሱ የክትባትና የመድኃኒት ነው፤ ይህን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም።

አሥር አለቃውን ለትምህርት እንዳቀረብኩት ሁሉ የራሴንም ጉድ ብሸሽግ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። አምና ለክፍላችን ጓሮ የሽንኩርት ዘር የገዛሁት እኔ ነበርኩ። ከከተማው ሱቆች በአንዱ፣ ሥዕሉ እንደ ወርቅ የሚያበራ ትልቅ ሽንኩርት የታተመበት እሽግ አገኘሁ። እሽጉ አልተቀደደም፣ ጊዜው አላለፈም፣ ዋጋውም ውድ ነበር። በጠዋቱ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ከአራት ወር በኋላ ወጥ ቤታችን ሽንኩርት ከገበያ መግዛት እንደሚያቆም ንግግር አደረግኩ። ዘሩ በሚያስደንቅ ሁኔታ በቀለ። ችግኙን አዛውረን ተከልነው፤ ቅጠሉም እስከ ጉልበት ደረሰ። አራት ወር አለፈ፣ አምስተኛውም ገባ። ነቅለን ስናይ ከሥሩ ያለው የእርሳስ ያህል ውፍረት ያለው ነጭ ግንድ ብቻ ነበር፤ አንድም ኮረት አልያዘም። ጓዶቼ መደቡን «የመቶ አለቃው ሣር» ብለው ሰየሙት፤ ስሙም እስከ ዛሬ አለ።

ሻጩ አልዋሸኝም፤ ዘሩም አልዋሸኝም። ሽንኩርት ኮረት መያዝ የሚጀምረው የቀኑን ርዝመት ለክቶ ነው። በሰሜኑ ዓለም የተዘጋጁት ብዙዎቹ ዝርያዎች ቀኑ 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ካልረዘመላቸው ቅጠል ከማብቀል አያልፉም። ጁባ ደግሞ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 5 ዲግሪ ገደማ ላይ የምትገኝ ስለሆነች፣ በዓመቱ ውስጥ ረጅሙ ቀኗ እንኳ ከ12 ሰዓት ተኩል አይበልጥም። ሽንኩርቴ ያ ረጅም ቀን ይመጣል ብሎ ሲጠብቅ ኖረ። በአገራችን መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ያስተዋወቃቸው እንደ አዳማ ቀይና ቦምቤይ ሬድ ያሉት ዝርያዎች በአጭር ቀን ኮረት የሚይዙ ናቸው፤ በኢትዮጵያ ለምትኖሩ እኅቶቻችን የሽንኩርት ዘር ስትገዙ በመጀመሪያ ስማቸውን መጠየቅ ያለባችሁ እነዚህን የመሳሰሉትን ነው።

በጦር አካዳሚ ሳለን ካርታ ሲሰጠን፣ ከሥዕሉ በፊት በየትኛው ዓመትና ለየትኛው አካባቢ እንደ ተሠራ የሚገልጸውን የጠርዝ ጽሑፍ እንድናነብ አጥብቀው ያስተምሩን ነበር። ያን ትምህርት በካርታ ላይ አልረሳሁትም፤ በሽንኩርት እሽግ ላይ ግን ረሳሁት። ዘር የሚታመነው ሕያው ሲሆን ብቻ አይደለም፤ ለሚዘራበት ቦታ የተፈጠረም መሆን አለበት። ቲማቲምም እንዲሁ ነው። ሌሊቱ ከ24 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ የብዙ ዝርያዎች አበባ ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል፤ ስለዚህ አበባው ሲረግፍ ዘሩን ከመርገማችሁ በፊት የሌሊቱን ሙቀት አስቡ። የሰላጣ ዘር ደግሞ አፈሩ ከ30 ዲግሪ ካለፈ፣ ሳይሞት ይተኛና አልበቅልም ይላል። እሱን በምሽት መዝራት፣ ከዚያም በቀዝቃዛ ውኃ እያራሱ በእርጥብ ጆንያ መሸፈን ይረዳል።

አሁን ወደ ገበያው እንለፍ። ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነፃነቷን ካወጀች ወዲህ፣ የጁባ ገበያ አትክልትና የታሸገ ዘር በአብዛኛው የሚመጣው ከኡጋንዳ በኒሙሌ በኩል ነው። ከኒሙሌ እስከ ጁባ ያለው 192 ኪሎ ሜትር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 በአስፋልት ተሠርቶ ሲጠናቀቅ፣ ቀናት ይፈጅ የነበረው ጉዞ የሰዓታት ሆነ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ጁባ በውጊያ ስትናወጥ ግን ያ መንገድ ተስተጓጎለ፤ ከመኪና ላይ በሚወርድ ቲማቲም የለመደች ከተማ መኪናው ሲቀር ምን እንደሚሰማት ያን ጊዜ የነበሩ ያውቁታል። የጓሮ አትክልት ነገር በጁባ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው።

በድንበር ማዶ ያለው የዘር ገበያም ቢሆን በጭፍን የሚታመን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ጥናት፣ በኡጋንዳ ገበያ ከተሸጠው ድቅል የበቆሎ ዘር ውስጥ እውነተኛው ከግማሽ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ጥናቱ የተደረገው በበቆሎ እንጂ በአትክልት ዘር ላይ አይደለም፤ ነገር ግን በትልቁ ሰብል ላይ ይህን የደፈረ እጅ በትንሹ እሽግ ላይ ይራራል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። በኬንያ አንዳንድ የዘር እሽጎች ላይ ተፍቆ በስልክ መልእክት የሚረጋገጥ መለያ መለጠፍ የተጀመረውም በዚሁ ምክንያት ነው። እሽግ ስትገዙ የዝርያው ስም፣ የምድብ ቁጥሩ፣ የመብቀል ኃይሉ በመቶኛና የተመረመረበት ቀን መኖሩን ተመልከቱ። ሻጩ ትልቁን ጣሳ ከፍቶ በማንኪያ እየሰፈረ የሚሸጥ ከሆነ፣ ጣሳው የተከፈተው መቼ ነው ብላችሁ ጠይቁ። በፀሐይ የተሰጣ ዘር ግን በነፃ ቢሰጧችሁም ተዉት። የሽንኩርት ዘር በተለይ ዕድሜው አጭር ነው፤ በዚህ ሙቀት ካለፈው ዓመት የተረፈውን ማመን አይቻልም። የዱባና የኪያር ዘር ብዙ ዓመት ይታገሣል።

በእሽጉ ላይ «ኤፍ 1» የሚል ካያችሁ ድቅል ነው። ለአንድ ወቅት ጥሩ ምርት ይሰጣል፤ ከፍሬው ዘር አስቀርታችሁ ብትዘሩ ግን ልጆቹ እናታቸውን አይመስሉም። በየዓመቱ ለመግዛት አቅምና ገበያ ያለው ይግዛው።

እናቶች አደራ የምላችሁ አንድ ነገር አለ። ሐምራዊ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ዘር በፀረ ሻጋታ መድኃኒት የታሸ ነው፤ ቀለሙ ማስጠንቀቂያ እንጂ ጌጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 መጨረሻ ኢራቅ ውስጥ ለገበሬዎች የታደለው የስንዴ ዘር ሜርኩሪ ባለበት መድኃኒት ታሽቶ፣ ቀለምም ተቀብቶ ነበር። የማስጠንቀቂያው ጽሑፍ ገበሬዎቹ በማያውቁት ቋንቋ ነበር የታተመው። አንዳንዶቹ ቀለሙን በውኃ አጥበው ካስለቀቁት በኋላ መርዙም የሄደ መሰላቸውና ፈጭተው ዳቦ ጋገሩበት። 6,530 ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፤ ከነሱም 459ኙ እዚያው ሞቱ። የጓሮ ዘር መድኃኒት ያን ያህል ብርቱ ላይሆን ይችላል። ቢሆንም ዘር ዘርቶ የመጣ እጅ ሳይታጠብ እንጀራ አይቁረስ፤ የተረፈው ዘርም ሕፃን ከማይደርስበት ይቀመጥ፤ ለዶሮም አይበተን።

ሌላም አለ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በዚህች አገር ለችግረኛ ቤተሰቦች ለዓመታት ዘር ሲያድል ቆይቷል። የእርዳታ ምልክት ያለበት የዘር ከረጢት በገበያ ላይ ቢቀርብላችሁ አትግዙ። ሰላም ለማስከበር የመጣ ወታደር የሌላውን ሰው መደብ ባዶ አስቀርቶ የራሱን አያለማም።

ታዲያ በጁባ የሚታመን ዘር የት ይገኛል? እኔ ያገኘሁት በኮንዮ ኮንዮ ገበያ፣ በሚያብረቀርቅ እሽግ ውስጥ ሳይሆን በአንዲት እናት ምንጣፍ ጥግ፣ በአሮጌ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ነው። ባሚያና ኩድራ ይሸጡ ነበር። ኩድራ እዚህ አገር እንደ ጎመናችን የሚዘወተር፣ ሲበስል የሚያጣብቅ ቅጠል ነው። ዘሩን በለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ይሰፍራሉ። «ማማ፣ ይህን ዘር ከየት ገዙት?» ብዬ በአስተርጓሚ ስጠይቃቸው የተቆጡ መሰሉ። አልገዙትም። ከወንዙ ማዶ በጎንዶኮሮ በኩል ካላቸው ማሳ የለቀሙት ነው። የደረቀ የባሚያ ቅርንጫፍ ከዘንቢላቸው አውጥተው ሰንጥቀው አሳዩኝ፤ ፍሬዎቹ ክብ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጠንካራ ነበሩ። «እኔ የምበላው ይህንኑ ነው» አሉኝ። ከተመለስን በኋላ 20 ፍሬ በጨርቅ ፈትነን 17ቱ በቀሉ። ከማንኛውም ቀለማማ እሽግ ይልቅ ያቺ ጣሳ አሳመነችኝ፤ የዘሩን እናት፣ ያበቀለውን አፈርና ያደረቀውን እጅ አንድ ላይ ስላሳየችኝ ነው። ከዚያች ጣሳ የተወለዱት ባሚያዎች አሁን «የመቶ አለቃው ሣር» በነበረበት መደብ ላይ ቆመዋል።

እኅታችን በመልእክታቸው መጨረሻ፣ «ሌላ ዘር ልላክለት ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። ፍላጎታቸውን እናከብራለን፤ መልሳችን ግን «አይላኩ» ነው። ዘር ድንበር ሲሻገር የዕፅዋት ጤንነት ምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል፤ በቋጠሮ የሚጓዝ ዘር በሽታና አረም ይዞ ሊጓዝ ይችላል። ዛሬ በአገራችን የግጦሽ መሬትና ማሳ የሚያጠፋው ፓርቲኒየም የተባለው አረም እ.ኤ.አ. በ1988 በድሬዳዋ አካባቢ መታየቱ ሲመዘገብ፣ አመጣጡን ተመራማሪዎች በሁለት መንገድ ገምተዋል። አንዱ በእርዳታ እህል ውስጥ ተቀላቅሎ ገባ የሚል ነው። ሌላው በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በነበረው የሶማሊያ ጦርነት ጊዜ በጦር ተሽከርካሪዎች ላይ ተጣብቆ መጣ የሚል ነው። ሁለተኛውን ግምት ባነበብኩ ቁጥር የመኪናችንን ጎማ አያለሁ። ከዚህም ወደ አገር ቤት የኩድራ ዘር በኪሳችሁ ለመውሰድ ያሰባችሁ ጓዶች ይህንኑ አስቡበት። አሥር አለቃው የመጀመሪያውን ቋጠሮ ሲያመጣ ይህን ማንም አልነገረውም ነበር፤ መናገር የነበረብን እኛ ነን።

ዘር ከገዛ ጓሮ ማስቀረትን በሚመለከት፣ ብዙዎቻችን ሳናውቅ የምንሠራው አንድ ስሕተት አለ። ጎመን፣ ሰላጣ ወይም ኩድራ ስንተክል፣ ቀድሞ ያበበው ተክል ለቅጠል ስለማይሆነን «እሱ ለዘር ይሁን» ብለን እንተወዋለን፤ እያማረበት የሚሄደውን ደግሞ እየቀጠፍን እንበላዋለን። እንዲህ ስናደርግ በየዓመቱ ቸኩሎ ለሚያብብ ዝርያ ዘር እየሰጠን ነው። ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ ጎመኑ ቅጠል ሳያሰፋ ወደ አበባ ይሮጣል፤ ያን ጊዜ «ዘሩ ተበላሸ» እንላለን። ለዘር መቅረት ያለበት ከሁሉም ዘግይቶ ያበበው፣ ቅጠሉ የሰፋውና ከበሽታ የተረፈው ነው፤ ያውም አንድ ብቻ ሳይሆን ቢያንስ አምስትና ስድስት ተክል። ቲማቲም ሲሆን ጭማቂውን ከነዘሩ ሁለት ሦስት ቀን አስቀምጦ ካቦካ በኋላ አጥቦ በጥላ ማድረቅ ነው። ባሚያው በተክሉ ላይ እንዳለ እስኪቡናማና እስኪደርቅ ይጠበቃል። እኛ ለዘር በመረጥናቸው የባሚያ ተክሎች ላይ ቀይ ክር አስረን ነበር። የወጥ ቤት ተረኞቹ ቀዩን ክር «ለዛሬ ምሳ የተመረጠ» ብለው ተረድተውት ኖሮ፣ ሦስቱን እናቶች ቀጥፈው ወጥ ሠሩባቸው። ወጡ ጥሩ ነበር። አሁን በክሩ ላይ የተጻፈ ወረቀት ተንጠልጥሏል።

የቤት እመቤቶቻችን ይህን የመምረጥ ሥራ ከማንም ቀድመው ያውቁት እንደ ነበር መርሳት አይገባም። በዚህ ረገድ ዶክተር መላኩ ወረደ የሠሩት ሥራ ይታወሳል። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመውንና ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሆነውን የዘር ሀብት ማዕከል ከ1979 እስከ 1993 ሲመሩ፣ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የተራበ ገበሬ ያስቀመጠውን ዘር በልቶ ወይም ሸጦ፣ ዝናቡ ሲመለስ የሚዘራው እንዳያጣ የአገር በቀሉን ዘር እያሰባሰቡ አስቀምጠው በኋላ ወደ ገበሬው ማሳ እንዲመለስ አድርገዋል። በ1989 ብዙዎች «አማራጭ ኖቤል» የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ሲቀበሉ፣ የአገሩ ዘር ባለሙያ ገበሬው ራሱ ነው የሚለው እምነታቸው ከፍ ያለ ዋጋ ተሰጥቶታል። በደብረ ታቦር ጓሮ ከእናት ወደ ልጅ የወረደው የጎመን ዘርም የዚያ ሀብት አንዱ ቅንጣት ነው፤ የትኛውም ሱቅ እሽግ አድርጎ አይሸጠውም፤ በዚያ ጓሮ ከጠፋም ሌላ ቦታ አይገኝም።

የዝግጅት ክፍላችን መልሱን አስቀድሞ ለእኅታችን በስልክ ገልጾላቸው ነበር። እሳቸውም ትናንት የሚከተለውን ልከውልናል። «በጨርቅ ፈትኜ የበቀሉትን 18 ፍሬዎች አልጣልኳቸውም፤ ከጓሮው ጥግ ተክያቸዋለሁ፤ ልጆቹ ‹የአባባ ጎመን› ይሏቸዋል። ቀሪውን ዘር በቅል አድርጌ ከጓዳው ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ከእንግዲህ በቋጠሮ አልልክም። ግዳጁን ጨርሶ ሲመለስ ራሱ ይዝራው።»

አሥር አለቃው ይህን ሲያነብ አጠገቡ ነበርኩ። ቅሉ የተሰቀለው ከጣሪያው በምን ያህል ርቀት እንደ ሆነ እንድጠይቅለት ለመነኝ።